በመቃብር አፍ የተጠራ ዕዳ

ቀርቀና ደሴት፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1996

ብዕሩን የያዘችው የሳሌም ልጅ ኸድራ ናት፤ የምናገረው እኔ አጎትህ ሚፍታህ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ታውቃለህ፤ አላፍርበትም። ኸድራ ዕድሜዋን በደሴታችን ፖስታ ቤት መስኮት ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስታሳልፍ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። እኔ ያልኩትን ትጽፋለች፤ ያላልኩትን አትጨምርም። ስድብ ሲበዛ ግን ብዕሯን አንሥታ ታየኛለች። ዛሬ ገና አላየችኝም።

ለወንድሜ ልጅ ለፋውዚ፣ ማርሴ። አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ አንተን፣ ሚስትህንና ልጆችህን በጤና ያቆይ፤ ሲሳይህን ያስፋው፤ በሰው ፊት አያሳፍርህ። የመጨረሻውን ምርቃት በደንብ ያዘው፤ ይፈለጋል።

አባትህን ዐርብ ዕለት ቀበርነው። መሞቱን በስልክ ነግረውሃል፤ አንተም “ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም” ብለሃል አሉኝ። እኔ ስልክ አልወድም፤ በስልክ የተነገረ ነገር ነገ “መች አልኩ” ይባልበታል። ስለዚህ በደብዳቤ ልንገርህ። ወንድሜ ላዝሃር ከጀልባው ወርዶ መረቡን ትከሻው ላይ ሊያደርግ ሲል ውኃው ውስጥ ተንበረከከ። የሚቀልድ መስሎን ሳቅንበት። ውኃው እኮ ከጉልበት አያልፍም ነበር።

ጀናዛው መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርስ፣ አፈር ከመመለሱ በፊት፣ የሟች ወገን ይቆምና “በዚህ ሰው ላይ ዕዳ ያለው ወደ እኔ ይምጣ” ይላል። ይህን የሚለው ልጅ ነው። ልጅየው ማርሴ መጋረጃ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ እኔ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ “የላዝሃር ዕዳ ከእሱ አንገት ወርዶ በእኔ አንገት ላይ ነው” አልኩ። ኢማሙ ሰማ፤ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።

ሁለት ሰዎች መጡ። የጀልባ ሞተር የሚሠራው ሐመዲና ባለ ሱቁ ቡበከር። ሐመዲ ለሞተሩ፣ ቡበከር ለዱቄቱና ለዘይቱ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነው የተናገሩት፤ እንደሚለምን ሰው። ዕዳ ጠያቂ ሲያፍር አየሁ፤ የዕዳው ወራሽ ግን ማርሴ ነው።

ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳው እስኪከፈል ሩሑ ተንጠልጥላ እንደምትቆይ ልጅ ሆነህ ተምረሃል። ረስተኸው ከሆነ ማርሴም መስጊድ አለ፤ ጠይቅ። እኔ የምሻው ከዚያው ከወንድሜ ጎን ከመጋደሜ በፊት ይህ አንገቴ ቀልሎ ማየት ነው። ገንዘብህን አልጠየቅኩም። “የአባቴ ዕዳ የእኔ ነው” የሚል አንድ ቃል ላክ። ቃሉ ከመጣ ሌላው ይመጣል።

አጎትህ ሚፍታህ

*

ማርሴ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1997

ለተከበሩትና ለሚወደዱት አጎቴ፣ ለአባቴ ምትክ፣ ለጌታዬ ለሲ ሚፍታህ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ጥላዎን ከላያችን አያንሣብን። ስለ እኛ ካሰቡ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ እጅዎን ትስማለች። ልጆቹም “የባሕሩ አያታችን” እያሉ ስምዎን ያነሣሉ።

የአባቴ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ሱቅ ክፍቱን ትቶ መምጣት እዚህ አገር እንደማይቻል እርስዎ አስተዋይ ስለሆኑ ይረዱልኛል። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታ፤ የዓመቱ መጨረሻ ለእኛ ለመጋረጃ ነጋዴዎች የሥራ ወቅት ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። የአባቴን የሞት ምስክር ወረቀት ከማዘጋጃ ቤቱ አውጥተው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ሁለት ቅጂ ቢልኩልኝ። ለዚህ አገር አንዳንድ የጽሕፈት ጉዳይ ይፈለጋል። ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ግን ቢፈጥን ደስ ይለኛል።

አላህ አባቴን ጀነት ይወፍቀው። ለደብዳቤ ጸሐፊዎም ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ ምንም እንኳ የቤተሰብ ነገር በቤተሰብ እጅ ቢጻፍ የተሻለ ቢሆንም።

እጅዎን የሚስመው ልጅዎ ፋውዚ

*

ቀርቀና፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1997

እጁ ያው የኸድራ ነው። የቤተሰብ እጅ አምጣ ካልከኝ የቤተሰቡ ፊደል የቆጠረ እጅ ማርሴ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ስለ ወቅት ሲጽፍ ውሎ ደክሞታል።

ሰላም ላንተ፣ ፋውዚ። አላህ እንቅልፍህን ይመልስልህ። መልስህ በመንገድ የቆየው ጊዜ ሸርጣን ወደ ጎን እየሄደ ማርሴ ደርሶ ይመለስበት ነበር።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበብኩ። በመጀመሪያው ዕዳ የሚል ቃል ሳልሰማ ስቀር ጆሮዬ ነው ብዬ ኸድራን ወደ ቀኜ አዞርኳት፤ የቀኝ ጆሮዬ ይሻላል። በቀኝም አልነበረም። መጋረጃው አለ፣ ሚስትህ አለች፣ ማኅተሙ አለ። አባትህ ያለበት ዕዳ ግን የለም።

“ይሄ ወረቀት ምን ሊያደርግለት ነው?” አልኳት።

“ላዝሃር የሕይወት ዋስትና ነበረው፤ ማርሴ ወደብ ሲሠራ የገባበት” አለችኝ። “በየጃንዋሪው እየመጣ በእኔ መስኮት ገንዘብ ይልክ ነበር። ሲሞት ለልጁ የሚከፈል።”

“ሲሞት የሚከፈለው፣ ስሙ የሕይወት?”

“እንዲያ ይሉታል፣ ሲ ሚፍታህ።”

ሰው በራሱ ሞት ላይ ቁማር ይጫወታል ለካ፤ ያሸነፈ ዕለት ደግሞ እሱ የለም። ወንድሜ ሥጋ ለመብላት በዓል የሚጠብቅ፣ ከሰው ሻሂ ሲጋበዝ ስኳሩን ኪሱ የሚከት ሰው ነበር። “በዚያች ጡረታ ይህን ሁሉ ከየት ከፈለ?” ብላት ኸድራ “ከፈለ” ብላ ብዕሯን ቀለም ውስጥ ነከረች። የፖስታ ቤት ሰው ናት፤ የሰው ምስጢር አታወጣም።

አሁን ነገሩ ገባኝ። ከአባትህ ሞት የሚገኘውን ትፈልጋለህ፤ ከአባትህ ሞት የሚመጣውን ግን አላየህም። ዓሣውን ወደህ ውኃውን ጠላህ።

እኔ ቁጭ ብዬ አልጠበቅኩህም። የአባትህን የባሕር አጥር ጠገንኩ። ልጅ ሆነህ ዘንባባ እየተሸከምክ ታለቅስበት የነበረውን። ዝንጣፊውን ጭቃው ውስጥ ተክዬ ወጥመዱን መጨረሻው ላይ አስቀመጥኩ፤ ወገቤን እንዳትጠይቀኝ። ዓሣ እንደ ድሮው ነው፤ አጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ወጥመዱ ይቀበለዋል። አንድ ሌሊት የገባው ለሐመዲ፣ አንድ ሌሊት የገባው ለቡበከር። ማዶ ስፋክስ ከተማ ወስደው ይሸጣሉ፤ ከዕዳው ላይ ይቀነሳል። ኦክቶፐስም ይገባል፤ ወቅቱ ነው። የእኛም ወቅት አለው፤ መጋረጃ ብቻ መሰለህ?

አባትህ ሞቶ ይሠራል፤ አንተስ?

አጎትህ ሚፍታህ

*

ማርሴ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ለተከበሩት አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። በዚህ በብርዱ ወራት ጤናዎን አላህ ይጠብቅልን። ባሕር መግባትዎን ስሰማ ደነገጥኩ፤ እባክዎ ለራስዎ ይዘኑ።

እንደ አባትና ልጅ በመካከላችን ቅሬታ እንዳይገባ ነገሩን በግልጽ ላስረዳዎ። ጠበቃ አማከርኩ፤ ትልቅ ጠበቃ ነው። የዋስትናው ገንዘብ የአባቴ ሀብት አይደለም። ከድርጅቱ በቀጥታ ስሙ ለተጻፈው ሰው ይሄዳል፤ በውርስ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ አበዳሪ ነኝ ባይ አይነካውም። የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ይህ የእኔ ፈቃድ አይደለም፤ ሕጉ ነው።

ደግሞ በጠበቃው ምክር፣ ከአባቴ ውርስ ደጉንም ክፉውንም እንደማልወስድ ፈርሜያለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም በአባቴ ዕዳ ወደ እኔ ሊመጣ አይችልም። ለነዚያ ሰዎች እንዲያሳዩአቸው ግልባጩን አያይዣለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ከሞተ በኋላ “አበድሬው ነበር” የማይል የለም። አባቴ የዋህ ነበር። የፈረመላቸው ነገር አላቸው? ከሌላቸው እርስዎን እያታለሉ ነው።

ነገር ግን ልቤ አልቻለምና ለአባቴ ነፍስ ሰደቃ እንዲሆን አምስት መቶ ፍራንክ በፖስታው ውስጥ አድርጌአለሁ። ለድሃ ይስጡልኝ።

የሞት ምስክሩን ወረቀት አደራ። ድርጅቱ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም።

ልጅዎ ፋውዚ

*

ቀርቀና፣ ማርች 9 ቀን 1997

የኸድራ እጅ፣ የሚፍታህ አፍ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ብዕሯን አንሥታ አየችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ “ጻፊ” አልኳት።

ፋውዚ፣ ሰላም ላንተ። አምስት መቶ ፍራንክህ ከዚህ ወረቀት ጋር ተመልሷል። ለድሃ ስጥ ብለሃል፤ በደሴታችን ካንተ የባሰ ድሃ ፈልጌ አጣሁ።

ያን ግልባጭህን ለአበዳሪዎቹ አሳይ ያልከኝን ታዘዝኩ። ቡና ቤት ወስጄ በሰው ፊት አስነበብኩት። “ደጉንም ክፉውንም አልወስድም” የሚለው ጋ ሲደርስ ቡበከር “ክፉውስ እሺ፤ ደጉ ምን አጠፋ?” አለ። ሐመዲ ደግሞ “ስሙንስ? የአባቱን ስም ይመልሳል ወይስ ያንን ያስቀረዋል?” አለ። ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ። እኔ አልሳቅኩም፤ የሚሳቅበት ሰው የወንድሜ ልጅ ነው።

ፊርማ አላቸው ወይ ላልከው፣ የሐመዲ ፊርማ ሞተሩ ነው። ናና አስነሣው፤ ይነሣል። የቡበከር ፊርማ የአባትህ ሆድ ነበር፤ እሱን ከአፈር በታች ፈልገው። እዚህ ሰው ለሰው ሲያበድር “ፈርምልኝ” ካለ “አላምንህም” ማለቱ ነው። አባትህን ሁሉም ያምነው ነበር። ይህን የምነግርህ የሚወረስ ነገር ስለሆነ ነው፤ አንተ ግን አልወስድም ብለህ ፈርመሃል።

አሁን ወደ ወረቀትህ። ኸድራ ያየችኝ እዚህ ላይ ነው። “ወረቀቱን አይላኩ” አለችኝ። “ያለ እሱ ሳንቲም አያገኝም። ያዙትና ይክፈል።”

“የወንድሜን ሞት መያዣ ላድርገው?”

“መያዣ አላልኩም። ይዘግይ ነው ያልኩት።”

“የዘገየ መያዣ ማለት እኮ ነው፣ ኸድራ።”

ለማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሁለት ቀን ተመላለስኩለት። በመጀመሪያው ቀን ማኅተሙ ስፋክስ ነው አለኝ፤ በሁለተኛው ቀን መሳቢያው ውስጥ አገኘው። ሁለቱም ቅጂ ይኸውልህ። ብላ። አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ። በአባትህ ሞት ላይ ተደራድሮ ያሸነፈ ሰው በቤታችን እንዳይኖር ብዬ እንጂ ጠበቃህን ፈርቼ አይደለም የላክሁት። ትልቅ ጠበቃ ነው ብለሃል። ቁመቱ ነው?

ዕዳው እየቀለለ ነው። ቡበከር በዚህ ወር ይጨርሳል። ሐመዲ እስከ በጋ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ቀና አድርጌ ወደ ወንድሜ መቃብር እሄዳለሁ፤ አንተን የሚመለከት ነገር የለውም።

ሚፍታህ

*

ማርሴ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1997

ለተከበሩትና ለሚናፈቁት አጎቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ዝምታዬ የክፋት አይደለም፤ የሥራ ብዛት ነው። ወረቀቱን ስለላኩልኝ አላህ ከኔ በላይ ይክፈልዎ። ጉዳዩ በጁን ተፈጸመ፤ አልሐምዱሊላህ፤ ሁለተኛ ሱቅ ከፍተናል። ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው፤ ሰፊ መስታወት አለው።

አጎቴ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ለበጋ ባሕር ዳር የምናርፍባት አንዲት ክፍል ቢኖረን ብለው ይጨቀጭቁኛል። የአባቴ የባሕር አጥርና ከፊት ለፊቱ ያለችው መሬት ትዝ አለኝ። ሆቴል የሚሠሩ የስፋክስ ሰዎች በዚያ ዳርቻ መሬት እየጠየቁ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ቢሆን በስሜ መዞሩ ለቤተሰቡ ሁሉ ጥቅም ነው። የአባቴ መታሰቢያ ከእጃችን እንዳይወጣ ብዬ ነው። ያች የፈረምኳት ወረቀት የሕግ ነገር ናት፤ በእኛ መካከል ምን ወረቀት አለ?

አንዲት ሌላ ጉዳይ አለች። ድርጅቱ ሒሳቡን ሲዘጋ የመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ክፍያ በፖስታ የመጣው በአንዲት ሴት ስም ነው ብሎኛል፤ ኸድራ ሳሌም ይላል። የእርስዎ ደብዳቤ ጸሐፊ ናት ብዬ እገምታለሁ። ለምን በስሟ እንደላከች አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ነገ ከነገ ወዲያ ጥያቄ እንዳታነሣ፣ በእኔ ላይ ምንም የሚፈለግ እንደሌላት በተያያዘው ወረቀት ላይ ያስፈርሙልኝ። ለጥንቃቄ ያህል ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነብልዎ ደግ ነው።

ልጅዎ ፋውዚ

*

ቀርቀና፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1997

ብዕሩ ያው በኸድራ እጅ ነው። ሌላ ሰው ያንብበው ያልከው ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ስትደርስ አንብባው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከላይ ይጽፉታል፣ ፋውዚ። ይህን እንኳ አልቻልክም።

ሰላምታውን ዛሬ ተወው፤ ምርቃት አለቀብኝ።

ኸድራ ስታነብልኝ ስለ ሱቁ መስታወት ጥሩ አድርጋ አነበበች። ስለ በጋዋ ክፍልም አነበበች። ከዚያ ድምፅዋ ቀጥ አለ፤ እንደገና ከፍ አድርጋ “ልጅዎ ፋውዚ” አለች።

“ምን ዘለልሽ?” አልኳት።

“ምንም።”

“ፊደል አላውቅም እንጂ መዝለል አውቃለሁ። ዓሣ ከመረብ ሲያመልጥ ገመዱ ይነግረኛል። ተመለሽ።”

ተመለሰች። እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ስሟንም፣ ያስፈርሙልኝ ያልከውንም፣ ሌላ ሰው ያንብብ ያልከውንም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

“እውነት ነው?” አልኳት።

“በጃንዋሪ መጣ፤ ገንዘቡ አልሞላም። ‘ኸድራ፣ ዘንድሮ ካልከፈልኩ የቀደመው ሁሉ ይጠፋል ይሉኛል’ አለኝ። ከጡረታዬ ሞላሁለት። ላኪው እኔ ስለሆንኩ በስሜ ሄደ። በሌላውም ዓመት መጣ። ሁለቱን የመጨረሻዎቹን ሙሉውን እኔ ነኝ የላክሁት።”

“‘ለማን ብለህ ነው’ አላልሽውም?”

“ብየዋለሁ። ‘ለፋውዚ’ አለኝ። ‘ስሞት አባቴ ምንም አልተወልኝም እንዳይለኝ።’ ”

እንግዲህ ስማ። ወንድሜ የቡበከርን ዱቄት በዱቤ የበላው ገንዘቡን ላንተ ሲልክ ነው። የሐመዲን ሞተር በዱቤ የወሰደው ገንዘቡን ላንተ ሲልክ ነው። ያ የሚያበራ መስታወትህ የቡበከር ዘይት ነው፤ የዚች ሴት ጡረታ ነው። ሕግህ በውርስ ውስጥ አያልፍም ያለውን ገንዘብ እኔ ያለፈበትን ሁሉ ቤት አውቀዋለሁ።

እኔ ግን በመጀመሪያ በእሷ ላይ ተቆጣሁ።

“መቃብሩ ላይ ስጣራ የት ነበርሽ?”

“ሴት መቃብር አፍ ላይ ትቆማለች እንዴ? እርስዎ የተጣሩት ለወንዶች ነው፣ ሲ ሚፍታህ። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ያሉትን የሰማሁት በማግስቱ፣ ከሰው አፍ ነው።”

“ከሰማሽ በኋላስ? ዓመቱን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጠሽ ስትጽፊ?”

“ስለ እኔ የሚጻፍን ነገር በእኔ እጅ አልጽፍም ብዬ ነው። ሌላ ጸሐፊ ደግሞ የለዎትም።”

የሰው ሁሉ ዕዳ በአንገቴ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ የጮህኩት ለግማሹ አገር ብቻ ኖሯል። አባቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖሩ፤ እኔም እንደነሱ አደረግኩ። በደሴታችን ቤት የሚያቆመው ብድር ደግሞ በሴቶች እጅ ነው፤ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ክር፣ የታጠፈች ገንዘብ ከመሐረብ ጫፍ። ያንን ማን ጠየቀ?

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዳቦ ምድጃው ሄድኩ፤ ሴቶቹ ሊጥ ይዘው ወደሚሰለፉበት። “በወንድሜ በላዝሃር ላይ ዕዳ ያላት ወደ እኔ ትምጣ” አልኩ። አንዷ “ከመቃብር ወደ ምድጃ ለመምጣት ዓመት ፈጀብህ?” አለችኝ። ሳቁብኝ። ይገባኛል። አንዲት ጎባጣ አሮጊት ቀረበችና “አውራ ዶሮ ወስዶብኝ ነበር፤ ለልጁ ሠርግ ነው ያለኝ” አለች። ለካ ያንተ ሠርግ ነው፣ ፋውዚ። ቆመህ በበላህበት ሠርግ ላይ የነበረው ዶሮ የተከፈለው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ በእኔ ዶሮ። ከእሷ ሌላ ማንም አልመጣም። ቡበከርና ሐመዲ ተከፍሏቸዋል፤ የቀረችው ኸድራ ብቻ ናት፤ እሷም ከሁሉ ትበልጣለች።

“ይቅር ብየዋለሁ” አለችኝ። “ላዝሃር ይተኛ።”

“ለላዝሃር ይቅር በይው፤ ደግ ነው፤ ሩሑ ትረፍ” አልኳት። “እኔ ግን በአንገቴ ነው ያልኩት። የእኔን አንገት ይቅር የሚለኝ የለም። እከፍላለሁ።”

ተከራከርን። ረታኋት። ከትናንት ጀምሮ ወደ አባትህ አጥር የሚገባው ዓሣ ሁሉ የኸድራ ነው፤ እስኪሞላላት፤ ከአንድ ክረምት ያልፍ ይሆናል። ሐመዲ በጀልባው ያመላልስላታል፤ ዋጋ አልጠየቀም። ወገቤ ካልቻለ ቡበከር ዘንባባውን እተክላለሁ ብሏል። እኔ መሐሉ ላይ ብሞት እንኳ አጥሩ በነሱ እጅ ይሠራል፤ ይህን በሦስቱ ፊት ተናግሬአለሁ፤ በሴቶቹም ፊት።

አጥሩንና መሬቷን በስሜ ያዙሩልኝ ላልከው፣ ደጉንም አልወስድም ብለህ ፈርመሃል። ደጉ ይህ ነበር። በእኛ መካከል ምን ወረቀት አለ ትላለህ፤ በእኛ መካከል ያለው ወረቀት አንተ የላክሃት ብቻ ናት፤ ቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች፤ ስትመጣ አንብባት። የሆቴሎቹን ሰዎች ላክልኝ፤ ዓሣ እሸጥላቸዋለሁ።

ያን “በእኔ ላይ ምንም የሚፈለግ የላትም” የሚለውን ወረቀት ደግሞ ኸድራ ፈርማለታለች። ቅደጂው ብላት እጄን ገፋ አድርጋ ፈረመች። “ውሸት አይደለም እኮ፣ ሲ ሚፍታህ” አለችኝ። “ከዚህ ሰው ምን እፈልጋለሁ? ምን አለው?” ይኸው ተያይዟል። አሁን ከዕዳ ሁሉ ነፃ ነህ። አባት የለህም፣ ባሕር የለህም፣ በዚህ ደሴት በር የሚከፍትልህ አንድ አበዳሪ እንኳ የለህም። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚሞት ሰው ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ አልጽፍም። ከዚህ በኋላ የኸድራ እጅ ዓሣ ይዞ ነው የሚውለው።

በቃ፣ ኸድራ። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስምሽ ጋ ስትደርሺ አትዝለይ፤ እዚያ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው። መስኮቱንም ክፈቺ፤ ወደ መቃብሩ በኩል ያለውን።